የቅዳሜው ማዕበል

ኮልፌ ባሕር የሌለው ሠፈር መሆኑን ለአንባብያን መንገር የሚያስፈልግ አይመስለንም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ጂቡቲ ወደብ ለመድረስ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝን ይጠይቃል፤ ያለው ውኃ ቢኖር ትንሹ አቃቂና ወደ እርሱ የሚወርዱት ጅረቶች ናቸው፤ የእነርሱንም ጠረን የሠፈሩ ሰው ያውቀዋል። የሆነ ሆኖ በነሐሴ መጨረሻ አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ስለ ባሕር፣ ይልቁንም ስለ ማዕበል፣ እስከ ዛሬ ከሰማነው ሁሉ የሚበልጠውን ወግ የሰማነው በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዳገት ላይ ካለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ተቀምጠን ነው።

ዝናቡ ጥቂት ጋብ ብሎ ነበር። የሠፈሩ ልጆች ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሣር የለበሰ ቁልቁለት ላይ ተሰብስበው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ የዘይት ጀሪካን በየተራ እየተቀመጡበት እስከ ታች ይንሸራተታሉ። አንዱ ግን እንደ ጓደኞቹ መቀመጥን ናቀና ቆሞ ወረደ። እጆቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ግማሽ መንገድ ያህል ከሄደ በኋላ በአፍጢሙ ጭቃው ላይ ተደፋ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ከአጠገባችን ለብቻቸው የተቀመጡ አንድ እንግዳ ግን ሳይስቁ፣ «ጉልበቱን ቀጥ ስላደረገ ነው፤ ሰበር ቢያደርገው ይደርስ ነበር» አሉ።

«እንዴት አወቁ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ሥራዬ ባይሆንም ልማዴ ነው» አሉ። «እኔ በባሕር ላይ እንደዚሁ ቆሜ እሄዳለሁ።»

እንግዳችን ዕድሜያቸው አርባን ያለፈ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ከራሳቸው ላይ ትንሽ የተጠለፈች ቆብ የደፉ ሰው ናቸው። አማርኛቸው የጎንደር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ቃል ይጠፋቸውና ወደ ሰማይ እያዩ ይፈልጉታል። ወገናቸው ቤተ እስራኤል ነው። በ1982 ዓ. ም. በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ቤተ እስራኤል ከጎንደር ገጠር ወደ አዲስ አበባ መጥተው ወደ እስራኤል የሚሄዱበትን ቀን ሲጠባበቁ፣ የእርሳቸውም ቤተሰብ ኮልፌ ውስጥ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይቶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ዛሬ የሚኖሩት አሽቀሎን በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ሲሆን፣ ወደ ኮልፌ የመጡት ያችን ክፍል ለማየት ነበር። ክፍሏ የለችም፤ በስፍራዋ ፎቅ ቆሟል። ስማቸው በጋዜጣ እንዳይወጣ ስለ ለመኑን «እንግዳችን» እያልን እንቀጥላለን።

ሰርፊንግ ምን እንደሆነ በቴሌቪዥን ያላየ አንባቢ ዛሬ ጥቂት ነው። ቢሆንም ለማያውቀው እንናገር። ሰውዬው ከቁመቱ የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ሳንቃ ይዞ ወደ ባሕር ይገባል፤ በሆዱ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ከሚሰበረው ማዕበል ባሻገር ይደርሳል፤ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ደኅና ማዕበል ሲመጣ ፊቱን ወደ የብስ አዙሮ ይቀዝፍና ማዕበሉ ሲያነሣው ብድግ ብሎ ቆሞ ወደ ዳርቻው ይጋልባል። አገሩ ሐዋይና የፖሊኔዥያ ደሴቶች ናቸው። የእንግሊዙ መርከበኛ የካፒቴን ኩክ ሰዎች እ. ኤ. አ. በ1770ዎቹ አይተው በመደነቅ ጽፈውታል። በሐዋይ ከ1820 ወዲህ የገቡት የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ጨዋታውን አልወደዱትም ነበር፤ ነገር ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ በ1912 እና በ1920 በኦሎምፒክ በዋና የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ሐዋያዊው ዱክ ካሃናሞኩ ወደ ሌላው ዓለም ወሰደው። በ2013 ዓ. ም. በተደረገው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሮቹ አንዱ ሆነ።

ወደ እስራኤል ያመጡት ዶክተር ዶሪያን ፓስኮዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊ አይሁዳዊ ሐኪም ናቸው። እ. ኤ. አ. በ1956 ሳንቃቸውን ይዘው ቴል አቪቭ ደረሱና የባሕር ዳርቻውን ጠባቂዎች አስተማሩ። እኒሁ ሰው በ2007፣ በ86 ዓመታቸው፣ ከአሥር የሚበልጡ ሳንቃዎች ይዘው በኤሬዝ ኬላ በኩል ለጋዛ ወጣቶች አስረክበዋል። በ2014 በ93 ዓመታቸው ዐረፉ። ሕይወታቸው ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ የሚሻ ነውና እዚህ ላይ እንተወው።

እንግዳችንን የጠየቅናቸው ነገር፣ ቆባቸውን አይተን ስለ ነበር፣ አንድ ብቻ ነው፤ ሕግ የሚጠብቅ ሰው ከዚህ ጨዋታ ምን ያገኛል?

መልሳቸውን ወዲያው አልሰጡም። ሻያቸውን አማሰሉ። ከዚያም፣ «የሚያየው ሰው ቆሜ የምሄድበትን ጊዜ ብቻ ነው የሚያየው፤ እርሱ ግን ከሰዓቱ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አይሞላም። የቀረው መቀመጥና መጠበቅ ነው። ማዕበሉን እኔ አልሠራሁት፤ ልጠራውም አልችልም፤ ሲመጣ ግን ዝግጁ ሆኜ ካልተገኘሁ ያልፈኛል። አያቴ ቄስ ነበሩ። ሌሊት ተነሥተው እስኪነጋ ሲጸልዩ አይ ነበር። ልጅ ሆኜ ምን እንደሚጠብቁ አይገባኝም ነበር። የገባኝ ባሕር ላይ ተቀምጬ ነው» አሉን።

ስለ ማዕበሉ አመጣጥም አስረዱን። ማዕበል ከዳርቻው አይወለድም፤ ከሩቅ ነፋስ በባሕር ፊት ላይ ብዙ ሰዓት ሲነፍስ ውኃው ኃይሉን ይቀበልና ተሸክሞት ይመጣል። ነፋሱ የሚሮጥበት ሜዳ በሰፋ መጠን ማዕበሉ ይገዝፋል። ሜዲትራኒያን ግን ዙሪያውን በየብስ የታጠረ ባሕር ስለሆነ እንደ ውቅያኖሶቹ አይደለም፤ ደኅና ማዕበል የሚያመጣው ይልቁንም በክረምታቸው ወራት ወጀብ ሲነሣ ነው፤ እርሱም በአንድ በሁለት ቀን ያልፋል። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእስራኤል አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው። ሠራተኛው ሁሉ ነጻ የሚሆነው ቅዳሜ ነው። ማዕበሉ ቅዳሜ ከመጣ ዳርቻው በሰው ይሞላል፤ ሰንበትን የሚጠብቀው ሰው ግን ቤቱ ይቀመጣል።

ለምን? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መጫወት ሥራ ነውን? የአይሁድ ሊቃውንት በዚህ ነገር ላይ የተናገሩት ብዙ ነው። ሚሽና በተባለው የሕግ መጽሐፋቸው በሰንበትና በበዓል ዛፍ መውጣት፣ በእንስሳ መቀመጥና መዋኘት ከተከለከሉት ውስጥ ተቈጥረዋል፤ ታልሙድ ስለ ዋናው የሚሰጠው ምክንያት፣ ዋናተኛው የሚንሳፈፍበትን ዕቃ ወደ መሥራት እንዳይገባ ነው የሚል ነው። ሳንቃውን ከቤት ተሸክሞ በአደባባይ መውሰድም ሸክም ነው፤ የረጠበ ልብስና ጠጉር መጭመቅም እንደዚሁ ሥራ ይሆናል። ከሰንበት ውጭም ቢሆን፣ የመቅደሱ መፍረስ ከሚታሰብበት ጾም በፊት ባሉት ዘጠኝ ቀኖች፣ ማለት የበጋቸው ሙቀት በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ መካከል፣ ብዙዎቹ ለደስታ ወደ ባሕር አይገቡም። በአንጻሩ ደግሞ ባሕርን ለሠላሳ ቀን ሳያይ ቆይቶ ያየ ሰው ታላቁን ባሕር የፈጠረውን ጌታ የሚባርክበት ጸሎት ተወስኖለታል፤ ታላቁ ባሕር የተባለው ሜዲትራኒያን ነው ወይስ ውቅያኖስ እያሉ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እንግዳችን ከዳርቻው በየሳምንቱ ስለማይጠፉ ይህን ጸሎት ለማድረስ ዕድል እንደማያገኙ ሲነግሩን ሳቁ። ወደ ኮልፌ ከመጡ ግን ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል፤ «ሁለት ሳምንት ብጨምር ደግሞ ልጸልየው ነበር» አሉ።

ይህ ሁሉ የረቢዎቹ ሕግ ነው። ቤተ እስራኤል ግን በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ሲኖሩ ሚሽናንም ታልሙድንም አያውቁም ነበር። የእነርሱ መጽሐፍ በግእዝ የተጻፈው ኦሪትና ከእርሱ ጋር የሚነበቡት መጻሕፍት ናቸው። እዚህ ላይ እንግዳችን የነገሩን ነገር ግን ከወንበራችን ብድግ አደረገን። እኛም ቤት ያለ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ መጻሕፍት የሚቈጠር፣ መጽሐፈ ኩፋሌ አለ። በጥንት በዕብራይስጥ የተጻፈው ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ ለዓለም የቆየው በግእዝ ብቻ ነው፤ የዕብራይስጡ ቁርጥራጭ የተገኘው ከ1947 (እ. ኤ. አ.) ወዲህ በሙት ባሕር ዳር ከኩምራን ዋሻዎች ነው። በዚሁ መጽሐፍ በመጨረሻው ምዕራፍ የሰንበት ሕግ ተዘርዝሯል፤ ውኃ መቅዳት፣ ሸክም ከቤት ማውጣት፣ መንገድ መሄድ፣ እሳት ማንደድ፣ በእንስሳ መቀመጥ ተከልክሏል። ከእነዚሁ መካከል በሰንበት በመርከብ በባሕር ላይ የሚሄድ ሰው ጥፋቱ ታላቅ እንደሆነ ተጽፏል።

አንባብያን ልብ ይበሉ። በስሜንና በደንቢያ፣ በወገራና በወልቃይት የሚኖር፣ ከጣና በቀር ሰፊ ውኃ ያላየ፣ አራሽና አንጥረኛ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ የነበረ ሕዝብ፣ በሰንበት በባሕር ላይ እንዳይሄድ የሚከለክል ሕግ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲጠብቅ ኖረ። ሕጉን ለመጣስ ቢፈልግ እንኳ የሚጥስበት ባሕር አልነበረውም። እንግዳችን፣ «አያቴ ይህን ሲያስተምሩ እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር፤ ‹መርከብ ምንድነው?› እንላቸው ነበር» ብለውናል።

ወንዙን ግን ያውቁታል። የቤተ እስራኤል መንደር ከወንዝ አይርቅም ነበር፤ የንጽሕናቸው ሕግ ያለ ወራጅ ውኃ አይፈጸምምና። ሴቲቱ በወር አበባዋ ሰባት ቀን ከመንደሩ ዳር በተሠራ ጎጆ ትቀመጣለች፤ ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትቈያለች፤ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ወንዝ ወርዳ ገላዋንና ልብሷን አጥባ ነው። ከሌላ ወገን ሰው ጋር የተነካካም ሳይታጠብ መንደር አይገባም፤ ስለዚህ ነበር ጎረቤቶቻቸው ውኃ ውኃ ይሸታሉ እያሉ ያሙአቸው የነበረው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትልቁም ትንሹም ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ነጭ ልብሱን ይለብሳል፤ ለሰንበት የተጋገረው የበረከት ዳቦ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ወንዙ ለብቻው ይፈሳል። በእንግዳችን አነጋገር፣ «ስድስት ቀን ወንዙ የኛ ነው፤ በሰባተኛው ግን የራሱ ነው።»

ይህን ሲሉ አንድ የጥንት ነገር ትዝ አለን። አይሁድ ሳምባትዮን የሚሉት ወንዝ አለ። የሮማው ጸሓፊ ፕሊኒ በየሰንበቱ ይደርቃል ሲል፣ አይሁዳዊው ጆሴፈስ ግን ተገልብጦ ስድስት ቀን ደርቆ በሰንበት ብቻ ይፈሳል ብሎ ጽፏል። ሁለቱም የጻፉት በአንደኛው መቶ ዓመት ነው። የአሽቀሎን ባሕር ግን የሁለቱንም አልሰማም፤ ነፋስ ባመጣለት ቀን ይነሣል።

ውኃና ሕግ በአንድነት የሚያሳዝኑበት ጊዜም ነበረ። የእንግዳችን አክስት በእግር ወደ ሱዳን ከሄዱት ናቸው። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚገመቱ ሰዎች እንደሞቱ ይነገራል። የተረፉት ከኅዳር 1977 ዓ. ም. አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ ዘመቻ ሙሴ የተባለው ይህ ነው። እስራኤል ሲደርሱ ግን የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት፣ ምንም እንኳ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ. ኤ. አ. በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈርደው የነበረ ቢሆንም፣ ጥርጣሬ ለማስወገድ ወደ ሥርዓት ውኃ ይግቡ፣ ያለዚያ አናጋባም አለ። እ. ኤ. አ. በ1985 ብዙዎቹ ኢየሩሳሌም ወጥተው ከጽሕፈት ቤቱ አንጻር አንድ ወር ያህል ተቀምጠው አቤት አሉ። አክስታቸው ከተቀመጡት አንዷ ነበሩ። «ዕድሜ ልኬን ወንዝ ስወርድ የኖርሁትን ሴት ውኃ ግቢ ይሉኛል! የውኃን ነገር እኔ ላስተምራቸው እንጂ!» ይሉ ነበር አሉን። እኛ በበኩላችን ፍርዱን ለባለሕጎቹ እንተዋለን፤ የሴትዮዋ ቁጣ ግን ገብቶናል።

ይህ አክስት ታዲያ ከብዙ ዓመት በኋላ የወንድማቸው ልጅ ሳንቃ ይዞ ከባሕር ሲወጣ አዩት። ቤተሰቡ ሁሉ ይህን ነገር እንደ ስንፍና ቈጥሮ ሲያማው እርሳቸው ግን ቀርበው፣ «ንጹሕ ሆነህ ገባህ፣ ንጹሕ ሆነህ ወጣህ፤ ምን ይሉሃል?» አሉት። በአይሁድ ሕግ ባሕር ራሱ ለሥርዓተ መንጻት የሚበቃ ውኃ ነው። ነገር ግን በገላና በውኃ መካከል አንዳች መጋረጃ መኖር የለበትም። እንግዳችን በክረምት የሚለብሱት የጎማ ልብስ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ስለሚሸፍናቸው፣ «ለአክስቴ አልነገርኋቸውም እንጂ ያ ቀን ለሕጉ አልቈጠረም» ብለውናል።

ከዚህ ላይ ስለ ሳንቃና ስለ ቤተ እስራኤል አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ይቈጨናል። በሱዳን፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን በቀይ ባሕር ዳር፣ አሩስ የሚባል ስፍራ አለ። ጣልያኖች በ1970ዎቹ (እ. ኤ. አ.) የመዝናኛ ቤቶች ሠርተውበት ትተውት ሄዱ። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሰዎች የአውሮፓ ኩባንያ ነን ብለው ተከራዩትና ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1985 ድረስ እንግዳ እየተቀበሉ ሠሩበት። ቀን ቀን ቱሪስቶችን ጠልቆ መዋኘት ያስተምራሉ፤ ሸራ በተተከለበት ሳንቃ በነፋስ መንሸራተትን ሱዳን ውስጥ ያስለመዱት እኛ ነን ብሎ ከመካከላቸው አንዱ ከዓመታት በኋላ ተናግሯል። በተወሰኑ ሌሊቶች ደግሞ በገዳሬፍ ዙሪያ ከነበሩት መጠለያዎች ቤተ እስራኤልን በጭነት መኪና እያመጡ በጎማ ጀልባ ወደ ባሕር ኃይል መርከብ ያሻግሩ ነበር። የመጀመሪያው በኅዳር 1981 (እ. ኤ. አ.) ሆነ፤ በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ደርሰው ስለ ተኮሱ ከዚያ በኋላ የባሕሩ ጉዞ ወደ አውሮፕላን ተለወጠ። እንግዲህ የስሜን ልጅ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በጨለማ፣ ምናልባትም ቀን የቱሪስት ሳንቃ ተደግፎበት በዋለ አሸዋ ላይ ቆሞ ነው። ስለዚህ የእንግዳችን ልማድ በወገናቸው ዘንድ ሰዎች እንደሚያስቡት ያህል እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። እንግዳችን የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው። ባሕሩን ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ግን ልጁ ይበልጣቸዋል። ዘንድሮ ለውድድር ተመረጠ፤ ውድድሩም ቅዳሜ ነው። አባትየው አይሆንም አሉ። ልጁም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «እናንተ ወደዚህ አገር በሰንበት በአውሮፕላን አልመጣችሁምን? እኔ በሰንበት በሳንቃ ብሄድ ምን አለበት?» አላቸው።

ልጁ እውነቱን ነው። ዘመቻ ሰሎሞን የተባለው፣ 14,325 ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የተወሰዱበት፣ የጀመረው ዓርብ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ. ም. ነው፤ ያለቀው በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ወንበራቸው የተነቀለላቸው አውሮፕላኖች ሰንበት ሳይሉ ሌሊቱን ሁሉ ከቦሌ ሲነሡ አደሩ። ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራልና።

«ነፍስ ለማዳን ነበር አልሁት» አሉ እንግዳችን። «እርሱም ‹ለእኔም ይህ ነፍሴ ነው› አለኝ። መልስ አጣሁ። እኔም ብሆን ባሕሩን ጸሎቴ ነው ስል ኖሬአለሁ። ጸሎት ከሆነ በሰንበት ለምን እንከለክለዋለን?»

ወደ ኮልፌ ያመጣቸው ይህ ጥያቄ ነው። ያን ዓርብ እዚህ ግቢ ውስጥ የሆነውን አስታወሱልን። ወደ ኤምባሲው ኑ የሚለው ቃል ሲደርስ ሴቶቹ የሰንበትን ዳቦ እየጋገሩ ነበር። አያታቸው ገላቸውን ታጥበው ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሰንበት ሊገባ ነው፤ እንሂድ ወይስ እንቅር? ሲባል ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው አየ። ሽማግሌውም ብዙ አልተናገሩም። ዳቦውን ከምጣዱ አስነሥተው በነጠላ ቋጠሩና ብድግ አሉ። አውሮፕላን ውስጥ የገቡት ቅዳሜ ጧት ነው። ቀይ ባሕር ላይ ሲደርሱ በመስኮቱ አጠገብ የነበሩት ልጆች «ባሕር! ባሕር!» እያሉ ጮኹ። አያታቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እስኪያርፉ ድረስ አልገለጡም።

ከዓመታት በኋላ አድጎ ሰው የሆነው የልጅ ልጅ ለምን እንዳላዩ ጠየቃቸው። «ልጄ፣ መሄዱ ተፈቅዶልኝ ነበር፤ በመሄዱ መደሰት ግን የተፈቀደልኝ አልመሰለኝም» አሉት።

እኛ እዚህ ላይ ከሽማግሌው ጋር ጥቂት ተከራከርን፤ በሌሉበት ማለታችን ነው። ሰንበት የደስታ ቀን አይደለምን? በእኛም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ከእሑድ ጋር ይከበራል፤ ስለ እርስዋ የነበረው ብርቱ ክርክር በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተቈርጧል። የእኛ እናቶች በቅዳሜ አይወቅጡም፣ አይፈጩም፤ በአንድ መስኮት ባሕር ማየት ግን ማንም ኃጢአት ነው ብሎ አላስተማራቸውም። ይህን ስንናገር እንግዳችን በትዕግሥት ሰሙንና፣ «እኔም እንደ እናንተ አስብ ነበር» አሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት በጥር ወር የሆነ ነው። ዓርብ ሌሊቱን ሁሉ ወጀብ ነፈሰ። ቅዳሜ ማለዳ ከምኩራብ ሲመለሱ የባሕሩ ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። እግራቸው ወደ ዳርቻው ወሰዳቸው። በነጭ ሸሚዝና በሰንበት ጫማ አሸዋው ላይ ቆሙ። በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ ማዕበል አላዩም፤ ከሩቅ በሰልፍ ይመጣል፤ አንዱ ሲሰበር ሌላው ይነሣል። ጓደኞቻቸው ከውኃው ውስጥ ሆነው በእጃቸው ጠሩአቸው።

«ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ማዕበሉን አላየውም ነበር» አሉን። «እንዴት ብላችሁ ጠይቁኝ። ሳንቃ በእጄ ካለ የማየው የምገባበትን ቦታ ነው፤ የቱ ይሻለኛል፣ ማን ይቀድመኛል እያልሁ ነው። እንደ ገበያ ነው። ያን ቀን ግን ምንም የምፈልገው አልነበረም። ሁለት ሰዓት ያህል ቆምሁ። ጨው ከፊቴ ላይ ደረቀ። ባሕር ውስጥ ሆኜ ይሰማኝ የነበረው፣ ጸሎት የምለው ነገር፣ ሳልገባ መጣ። በማግሥቱ እሑድ ከሥራ በፊት ስገባ ማዕበሉ ሞቶ ነበር፤ ውኃው እንደ ጣና ተኝቷል። ግን አልተናደድሁም።»

«ይህን ለልጅዎ ነግረውታል?» አልናቸው።

«ነግሬዋለሁ። ‹አንተ ሃያ ዓመት ከገባህ በኋላ ነው መቆም ያማረህ፤ እኔ ገና ምን ጠገብሁ?› አለኝ።» ይህን ሲሉ እንግዳችን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የኩራትም የኀዘንም ነበር። «ውድድሩ ከበዓሎቹ በኋላ ነው። ሂድም አትሂድም አላልሁትም። ይህን ሁሉ ነግሬ ተውሁት። እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።»

እኛም የምንመክራቸው አልነበረንም። ልጁ ትክክል ነው የሚያሰኝ ነገር አለ፤ አባቱም ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ ከሰማነው ሁሉ ያልረሳነው የሽማግሌውን የተጨፈነ ዓይን ነው። ቀደም ብለን ተከራክረናቸው እንደ ነበር አንባብያን ያውቃሉ፤ ከአሸዋው ታሪክ በኋላ ግን ያን ያህል እርግጠኞች አይደለንም።

ደመናው በምዕራብ በኩል ተገለጠና ፀሐይ ከወጨጫ ተራራ በላይ ታየች። እንግዳችን ሰዓታቸውን ሳይሆን ፀሐይዋን አዩ። ወዲያው ተነሡ፤ ከሻያቸው ግማሹ ቀርቷል። ያረፉበት ቤት ዘነበ ወርቅ አጠገብ ነውና ሰንበት ሳይገባ ለመድረስ ታክሲ መያዝ አለባቸው። የሻዩን ዋጋ እኛ እንክፈል ብለን ስንከራከር፣ ቅድም የወደቀው ልጅ እስከ ፀጉሩ ጭቃ ሆኖ ጀሪካኑን ይዞ ከበረንዳው ሥር መጣ፤ ሲናገሩ ሰምቷቸው ኖሯል።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ወርደው ያሳዩን!»

እንግዳችን ጀሪካኑን ተቀብለው አገላበጡት፤ ቁልቁለቱን አዩ፤ እንደገና ፀሐይዋን አዩ። ከዚያም መለሱለት።

«እሑድ ጧት እመጣለሁ፤ ጠብቁኝ» አሉት፤ «ጉልበትህን ሰበር ማድረግ ግን አሁኑኑ ተለማመድ።»